የድረ ገጽ ልብስ፤ አመራረጡና አያያዙ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ልብስ ነው፤ ነገር ግን የምንነጋገርበት ልብስ የሰው ሳይሆን የድረ ገጽ ነው። ከእናንተ መካከል ተማሪ የሆነው የክፍሉን ወይም የማኅበሩን ድረ ገጽ እንዲያዘጋጅ ይመረጣል። አዲስ ሥራ የያዘውም ገና ወንበሩን ሳያሞቅ፥ «አንተ ወጣት ነህ፥ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፤ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ አንተ ያዝልን» ይባላል። እምቢ ለማለት አይመችምና ሥራው ይጀመራል። የሚጀመረውም ብዙውን ጊዜ ከጌጡ በኩል ነው። ቀለም ሲመረጥ፥ ሥዕል ሲቀያየር፥ የአርእስቱ ፊደል ሲወፍርና ሲቀጥን ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ በድረ ገጹ ላይ የሚወጣው ቁም ነገር ግን ገና አልተጻፈም።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ በድረ ገጹ አወጣ እንበል። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ አንዲት ወጣት በጂንካ ወይም በደብረ ታቦር ሆና ወሬውን ትሰማለች። ባላት ጥቂት ገንዘብ አነስተኛ የኢንተርኔት ጥቅል ገዝታ በእጅ ስልኳ ድረ ገጹን ትከፍታለች። በመጀመሪያ የሚመጣላት የሕንፃው ትልቅ ፎቶግራፍ ነው። እርሱ ተንሸራቶ ሲሄድ ሁለተኛው፥ እርሱም ሲሄድ ሦስተኛው ይመጣል። ማስታወቂያው ያለው ከነዚህ ሁሉ በታች ነው፤ ጥቅሉ ግን እዚያ ሳይደርስ አለቀ። ይህች ልጅ ያመለጣት የሕንፃ ሥዕል አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። ስለዚህ የድረ ገጽ ልብስ ነገር እንዲያው የጌጥ ነገር ብቻ መስሎ አይታያችሁ።

ይህን ልብስ ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ስሙ «ቴም» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ገጽታ» እንበለው። ገጽታ ማለት የድረ ገጹን ቀለም፥ የፊደሉን መልክና መጠን፥ የአርእስቱን ቦታ፥ የማውጫውን አደራደር፥ የሥዕሉን ስፋት ባንድነት የሚወስን የፋይሎች ስብስብ ነው። ጽሑፉና ሥዕሉ ሥጋው ናቸው፤ ገጽታው ልብሱ ነው። ልብሱ ሲለወጥ ሥጋው ሳይነካ እንዲቀር ሆኖ መሠራቱ የዚህ ብልሃት ዋና ቁም ነገር ነው። ይህም አሳብ ባንድ ቀን የተገኘ ስላልሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ ማወቅ ለአመራረጡ ይጠቅማል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በስዊትዘርላንድ በሚገኘው በሰርን የምርምር ድርጅት ሳለ፥ በ1991 የዓለምን የመጀመሪያ ድረ ገጽ ለሕዝብ ሲከፍት ገጹ ምንም ልብስ አልነበረውም። ጽሑፍ ብቻ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን ሰዎች ማስጌጥ ፈለጉ፤ ጌጡንም ከጽሑፉ ጋራ አብረው መፈተል ጀመሩ። እያንዳንዱ አርእስት ቀለሙንና መጠኑን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር። መቶ ገጽ ያለው ሰው አርእስቶቹን ከቀይ ወደ ሰማያዊ ለመለወጥ ቢፈልግ መቶውንም ገጽ አንድ ባንድ ከፍቶ መልቀም ግዴታው ነበር።

በ1994 ሆኮን ዊየም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ፥ እርሱም በዚያው በሰርን ሳለ፥ ጽሑፉ በአንድ ፋይል፥ የመልኩ ትእዛዝ ደግሞ በሌላ ፋይል ይቀመጥ የሚል አሳብ አቀረበ። ቤርት ቦስ ከተባለው ሆላንዳዊ ጋራም ሆኖ አሳቡን አሻሻለው፤ በዲሴምበር 1996 የድርን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቀብሎ አወጀው። ይህ ዛሬ ሲኤስኤስ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ከዚህ በኋላ መቶውን ገጽ ለመለወጥ አንድ መስመር መለወጥ በቂ ሆነ።

የዚህን ነገር ኃይል በዓይን ለማየት የሚወድ ሰው ቢኖር፥ ዴቭ ሺ የተባለው ካናዳዊ በ2003 የከፈተውን «ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን» የተባለ ድረ ገጽ ይመልከት። በዚያ ያለው ጽሑፍ አንድ ነው፤ አንዲት ቃል አትጨመርበትም፥ አትቀነስለትም። ነገር ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠዓልያንና ባለሙያዎች ያንኑ ጽሑፍ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልብስ አለበሱት። አንዱ የአትክልት ቦታ፥ አንዱ የቆየ ጋዜጣ፥ አንዱ የባሕር ወለል አስመሰለው። ሥጋው አንድ፥ ልብሱ ብዙ!

በዚያው በ2003 በሜይ ወር፥ ማት ሙለንወግ የተባለ አሜሪካዊና ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ዎርድፕሬስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አወጡ። በፌብሩዋሪ 2005 የወጣው 1.5ኛው እትሙ ደግሞ ገጽታን እንደ ልብስ ማውለቅና መልበስ የሚቻልበትን ሥርዓት ይዞ መጣ። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ በራሱ የገጽታ ማኅደርም ውስጥ ያለ ዋጋ የሚወሰዱ ከ10,000 በላይ ገጽታዎች አሉ። የከፋውም ይህ ነው! አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ መምረጥ ባላስቸገረ ነበር። ስለዚህ ምሳሌዬን ሁሉ ከዎርድፕሬስ አደርጋለሁ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ለሌሎቹም ፕሮግራሞች ያው ነው።

እንግዲህ ወደ አመራረጡ እንግባ።

አንደኛ፥ ገጽታ ከመፈለጋችሁ በፊት ድረ ገጹ የሚነግረውን ነገር ጻፉ። ወደዚህ ገጽ ሰው ሲመጣ ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው? የፈተና ቀን ነውን? የሥራ ማስታወቂያ ነውን? የማመልከቻ ቅጽ ነውን? የስልክ ቍጥር ነውን? እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል አስፍሩ። ገጽታ የሚመረጠው ይህን ወረቀት በእጅ ይዞ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሄድ ሰው ቁመቱንና ወርዱን ሳያስለካ ኮት አያዝም፤ እኛ ግን ኮቱን ገዝተን ሰውየውን በኮቱ ልክ ለመቁረጥ እንሞክራለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በጥድፊያ የለበሰ ድረ ገጽም በሦስተኛው ወር ልብሱ መፈታቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፥ የናሙናው ሥዕል አያታልላችሁ። ገጽታ ሠሪዎቹ ሥራቸውን የሚያሳዩት፥ ነጋዴ ኮቱን በሱቁ መስኮት ለአሻንጉሊት አልብሶ እንደሚያሳየው ነው። አሻንጉሊቱ ሆድ የለውም፥ ትከሻው የተስተካከለ ነው፤ ማናቸውም ኮት ያምርበታል። በናሙናው ላይም ያሉት ፎቶግራፎች የታወቁ ባለሙያዎች ያነሷቸው ናቸው፤ አርእስቶቹ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። እናንተ ግን በዚያ ቦታ «የሰው ኃይል አስተዳደርና ልማት የሥራ ሂደት» ብላችሁ ስትጽፉ አርእስቱ ሦስት መስመር ይሆንና ማውጫው ይደረመሳል። ስለዚህ ገጽታውን ገና ለሕዝብ ሳታሳዩ፥ የራሳችሁን ረጅሙን አርእስት፥ የራሳችሁን ደብዛዛውን ፎቶግራፍ፥ የራሳችሁን ማስታወቂያ አስገብታችሁ ሞክሩት። በዚህ ፈተና ያለፈ ገጽታ ጥሩ ገጽታ ነው።

ሦስተኛ፥ ክብደቱን መዝኑ። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይፈጃል። 2,000 ሆሄያት ያሉት ማስታወቂያ እንግዲህ 6,000 ባይት፥ ማለት 6 ኪሎባይት ያህል ነው። በገጹ ራስ ላይ የሚቀመጠው አንድ ያልተጨመቀ ፎቶግራፍ ግን 3 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን ሥሩ፤ አንዱ ሥዕል 500 ማስታወቂያዎችን ያህላል! የሚንሸራተቱ ሦስት ሥዕሎች ያሉት ገጽታ የመረጠ ሰው፥ ከላይ የጠቀስናትን ልጅ አንድ ማስታወቂያ ለማንበብ የ1,500 ማስታወቂያ ዋጋ ክፈይ ማለቱ ነው። መምሪያውን ያስደስት ይሆናል፤ ሥዕሉ ግን የተከፈለው ከርሷ ኪስ ነው።

አራተኛ፥ በእጅ ስልክ እዩት። ኢታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ በ2010 ባወጣው ጽሑፍ፥ አንዱ ገጽ እንደ መስታወቱ ስፋት ራሱን እያጠበበና እያሰፋ መታየት ይችላል ብሎ መንገዱን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ገጽታዎች አብዛኞቹ ይህን ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ማድረግና በደንብ ማድረግ ልዩ ልዩ ናቸው። በቢሮው ሰፊ ኮምፒዩተር ላይ ያማረው ሠንጠረዥ በስልክ ላይ ግማሹ ከመስታወቱ ውጭ ሊቀር ይችላል። አለቃችሁ የሚያየው በሰፊው ኮምፒዩተር መሆኑን፥ ባለጉዳዩ የሚያየው ግን በተሰነጠቀ ስልክ መሆኑን አትርሱ።

አምስተኛ፥ የቀለሙን ልዩነት ተመልከቱ። በነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ፊደል መጻፍ ዘመናዊነት መስሎ የሚታያቸው አሉ። የድርን ደንብ የሚያወጣው ያው ማኅበር በ2008 ባሳወጀው መመሪያ፥ የተራ ጽሑፍ ቀለም ከመደቡ ቀለም ጋራ ሲነጻጸር የብርሃን ልዩነቱ ከ4.5 ለ1 ማነስ የለበትም፤ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1 ይበቃል ይላል። ይህን የሚለካ መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ ያለ ዋጋ ይገኛል። ከሁሉ የሚቀለው ፈተና ግን ስልኩን ይዞ በቀትር ፀሐይ ደጅ መውጣት ነው። እዚያ ያልተነበበ፥ በአውቶቡስ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚያነብም አያነበውም።

ስድስተኛ፥ ይህ በተለይ እኛን የሚመለከት ነው፤ ገጽታው ፊደላችንን ያውቃልን? አብዛኞቹ ገጽታዎች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። ላቲን ትልቅና ትንሽ ሆሄ አለው፤ የእኛ የለውም። ላቲን ለማጉላት ፊደሉን ያዘነብላል፤ የኛ ፊደል ማዘንበል ልማዱ አይደለም፥ ብራውዘሩ በግድ ሲያዘነብለው ሊወድቅ ያለ አጥር ይመስላል። ደግሞም ሱንና ሲን፥ ቱንና ቲን የሚለየው ምልክት ትንሽ ስለ ሆነ፥ ፊደሉ ሲያንስ ወይም በውሸት ሲወፍር ምልክቱ ይጠፋል፤ ንባቡም ይሳሳታል። ስለዚህ የጽሑፉ መጠን ከ16 ፒክሰል እንዳያንስ፥ በመስመርና በመስመር መካከልም ለላቲን ከሚሰጠው ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲተው ማድረግ ይገባል።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3ኛ እትም ውስጥ ስለ ገባ፥ የዛሬዎቹ ስልኮች አብዛኞቹ ፊደላችንን ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ በስልኩ ባለው ፊደል መጠቀም ለአንባቢው ወጪ ይቀንስለታል። የተለየ መልክ ያስፈልጋል ከተባለም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፥ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን፥ አቢሲኒካን የመሰሉ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፊደሎች አሉ፤ አንዱን ምረጡ፥ ሦስቱን ባንድ ጊዜ አትጫኑ። ጽሑፍን በሥዕል ውስጥ ጽፎ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። በሥዕል ውስጥ ያለ ቃል ተፈልጎ አይገኝም፤ ዓይነ ስውር የሆነ አንባቢም ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም ሊሰማው አይችልም።

ከዚህ ጋራ የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ብዙ ገጽታዎች ከጽሑፉ በላይ ቀኑን በራሳቸው ያትማሉ፤ የሚያትሙትም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «5/1» ተብሎ ቢወጣ እኛ መስከረም 5 ብለን እናነባለን፤ ገጽታው ግን ጃንዩዋሪ 5 ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊ ልማድ ያለው ገጽታ ከሆነ ደግሞ ሜይ 1 ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት የማመልከቻ ጊዜ የሚያልፍበት ሰው ይኖራል። የወሩን ስም በፊደል እንዲጽፍ አድርጉት፤ የመጨረሻውንም ቀን በጽሑፉ ውስጥ በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩት። እንደዚሁም ጽሑፉ በአማርኛ ሆኖ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ተጨማሪ አንብብ» የሚል ቁልፍ እንዳይቀር፥ ገጽታው ለትርጉም የተዘጋጀ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰባተኛና የአመራረጡ መጨረሻ፥ የልብሱን ምንጭ መርምሩ። በገጽታ ማኅደሩ ውስጥ እያንዳንዱ ገጽታ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፥ ስንት ድረ ገጽ እንደሚጠቀምበት፥ ተጠቃሚዎች ምን እንዳሉ ይጻፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታደሰ ገጽታ ባለቤቱ የተወው ቤት ነው፤ አትግቡበት። በገንዘብ የሚሸጠውን ገጽታ ቁልፉን ሰብረው በነጻ የሚያድሉ ድረ ገጾችም አሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይህ ግን አለማድመቅ ብቻ ሳይሆን ያቃጥላልም። እንደነዚህ ባሉት ፋይሎች ውስጥ ሌባ የሚገባበት የጓሮ በር ተደብቆ መገኘቱ የታወቀ ነገር ነው። ገንዘብ ከሌለ፥ ከ10,000ዎቹ ነጻ ገጽታዎች አንዱን ወስዶ በክብር መልበስ ይሻላል።

መምረጡ በዚህ አበቃ እንበል። አሁን አያያዙ ይቀራል። ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል ብለዋል አባቶች። ጥሩ ገጽታ መርጦ በአያያዝ ጉድለት የሚቀድደው ሰው፥ መጥፎ ከመረጠው ይበዛል።

የመጀመሪያው ደንብ፥ ማናቸውንም ለውጥ ከማድረግ በፊት ቅጂ መያዝ ነው። ቅጂውም ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ጽሑፎቹ የሚቀመጡበት የመረጃ ቋት፥ ሁለተኛው ሥዕሎቹና ገጽታው ያሉበት የፋይሎች ማኅደር ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ ሰነድ እንደያዘ ይቈጠራል። ቅጂውንም ድረ ገጹ ባለበት በዚያው ሰርቨር ላይ አታስቀምጡት፤ ቤቱ ሲቃጠል ሣጥኑም አብሮ ይቃጠላልና።

ሁለተኛው ደንብ፥ የገጽታውን ዋና ፋይሎች በቀጥታ አለመነካካት ነው። አንድ ወጣት ገጽታ ያወርድና የፋይሉን ሆድ ከፍቶ ቀለሙን ይለውጣል፥ አርእስቱን ያስተካክላል፤ ሥራውም ያምርለታል። ከሦስት ወር በኋላ ገጽታ ሠሪዎቹ አዲስ እትም ያወጣሉ። ሲያድሰው አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፍና የሦስት ወር ሥራው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ወይም ሥራዬ ይጠፋብኛል ብሎ ማደሱን ይተዋል፤ ይህም የባሰ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ «የልጅ ገጽታ» የሚባለው ነው። የልጅ ገጽታ የወላጁን ስም በራስጌው የያዘ አንድ የመልክ ፋይል ያለበት ትንሽ ማኅደር ነው። የናንተ ለውጥ ሁሉ በልጁ ውስጥ ይጻፋል፤ ልጁ ያልተናገረውን ወላጁ ይናገርለታል። ወላጁ ሲታደስ ልጁ አይነካም። በጃንዩዋሪ 2022 ከወጣው ከ5.9ኛው የዎርድፕሬስ እትም ወዲህ የመጡት የብሎክ ገጽታዎች ደግሞ፥ በማረሚያው ሰሌዳ ላይ የምታደርጉትን ለውጥ ከፋይሉ ውጭ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፥ ለቀለምና ለፊደል ለውጥ ልጅ መውለድ እንኳ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ደንብ፥ በጊዜው ማደስ ነው። እድሳት አዲስ ጌጥ ለመጨመር ብቻ አይመጣም፤ የተከፈተ ቀዳዳ ለመድፈንም ይመጣል። ለዚህ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። «ስላይደር ሪቮሉሽን» የተባለ ሥዕል የሚያንሸራትት ፕሮግራም ነበረ፥ ዛሬም አለ። ብዙ ገጽታ ነጋዴዎች ይህን ፕሮግራም በገጽታቸው ውስጥ ሰፍተው ይሸጡት ነበር። በ2014 በፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ ተገኘ፤ የፕሮግራሙ ባለቤቶችም ደፈኑት። ነገር ግን ገጽታውን የገዙት ሰዎች ፕሮግራሙ በልብሳቸው ገበር ውስጥ መኖሩን አብዛኞቹ አያውቁም ነበር፤ ያላወቁትንም ሊያድሱ አልቻሉም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወንበዴዎች በዚያ ቀዳዳ እየገቡ ብዙ ድረ ገጾችን በከሉ፤ ጉግልም ከ11,000 በላይ የሆኑትን አደገኛ ናቸው ብሎ ለይቶ አገዳቸው። ሥዕል እንዲንሸራተት ሲሉ በራቸውን ክፍት ትተው ያደሩ ሰዎች ናቸው! ስለዚህ ገጽታ ስትወስዱ በገበሩ ውስጥ ምን እንደ ተሰፋ ጠይቁ፤ እድሳቱንም በሙከራ ቅጂ ላይ አይታችሁ ወደ ዋናው አሳልፉት።

አራተኛው ደንብ፥ ሥጋን ከልብስ ጋራ አለመስፋት ነው። አንዳንድ ገጽታዎች ለራሳቸው ብቻ የሚገቡ ልዩ ምልክቶች አሏቸው። በጽሑፋችሁ መካከል በቅንፍ ውስጥ ትጽፏቸዋላችሁ፤ ገጽታው ወደ ሣጥን፥ ወደ ቁልፍ፥ ወደ ሠንጠረዥ ይለውጣቸዋል። እጅግ ያምራል። ገጽታውን የለወጣችሁ ቀን ግን ምልክቶቹ ትርጉማቸውን ያጡና በየጽሑፉ መካከል ባዶ ቅንፍ ተዘርቶ ይገኛል። እንዲሁም የሠራተኞችን ዝርዝር ወይም የማስታወቂያዎችን ሰሌዳ በገጽታው ልዩ መሣሪያ ያዘጋጀ ሰው፥ ገጽታውን ሲያወልቅ ዝርዝሩ ከዓይኑ ይሰወራል። መልክ የሆነው ነገር በገጽታው፥ ሥራ የሆነው ነገር በፕለጊን፥ ቃል የሆነው ነገር በጽሑፉ ይቀመጥ። ይህ ከሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ የሚበልጥ ምክር ይመስለኛል።

አምስተኛው ደንብ፥ ሣጥኑን ማጽዳት ነው። ለሙከራ የተጫኑ ስምንትና ዘጠኝ ገጽታዎች ሳይጠፉ ይቀራሉ። ያልተለበሰ ልብስ ምን ይጎዳል እንዳትሉ፤ ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ ቀዳዳውም አብሮ አለ። የምትለብሱትን አንድ ገጽታ (ልጅም ካለው ከወላጁ ጋራ)፥ ለክፉ ቀን ደግሞ ከዎርድፕሬስ ጋራ የሚመጣውን አንድ መደበኛ ገጽታ አስቀሩ፤ የቀረውን አጥፉ። መደበኛው የሚጠቅመው፥ ዋናው የተበላሸ ቀን እርሱን አልብሶ ድረ ገጹን ለማቆምና ጥፋቱ ከገጽታው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው።

ስድስተኛውን ደንብ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ በተለይ ስሙኝ፤ ርክክብ ነው። ሠራተኛ ይዛወራል፥ ያድጋል፥ ለትምህርት ይሄዳል። ጠረጴዛውን፥ ወንበሩን፥ ማኅተሙን በሰነድ ያስረክባል፤ የድረ ገጹን ነገር ግን በጭንቅላቱ ይዞት ይሄዳል። ተተኪው የይለፍ ቃሉን አያውቅም፥ ገጽታው ከየት እንደ መጣ አያውቅም፥ በገንዘብ የተገዛም ከሆነ ክፍያው መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። ለማደስ ይፈራል፤ ድረ ገጹም ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ እያሳየ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የገጽታውን ስምና ምንጭ፥ በልጅ ገጽታው ላይ የተለወጠውን ሁሉ ከነምክንያቱ፥ ቅጂው የሚቀመጥበትን ቦታ፥ የክፍያውን ቀን ጽፋችሁ በፋይል አኑሩ። የይለፍ ቃሉም በመሥሪያ ቤቱ ስም ተመዝግቦ በኃላፊው እጅ ይቀመጥ። የሕዝብ የሆነ ነገር በአንድ ሰው ስም መያዝ የለበትም።

ገጽታውን ለመለወጥ የሚገባበት ጊዜስ መቼ ነው? ሰለቸኝ ማለት በቂ ምክንያት አይደለም። የሰለቻችሁ እናንተ በየቀኑ ስለምታዩት ነው፤ ባለጉዳዩ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፥ ባለፈው ያገኘውን ነገር እዚያው ቦታ ላይ ሊያገኘው ይፈልጋል። አዲስ ሹም ስለ መጣ መለወጥም እንደዚሁ ነው። ሠሪው ማደሱን ሲተው፥ በስልክ ላይ አልነበብ ሲል፥ ወይም የምትነግሩት ነገር በእርሱ ውስጥ አልገባ ሲል ያን ጊዜ ለውጡት።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልሰናበት። በዚህ ሳምንት የምትይዙትን ድረ ገጽ፥ የምትይዙት ከሌለም የምታውቁትን፥ በአካባቢያችሁ በተገኘው እጅግ ርካሽ ስልክ ክፈቱት። ስልኩን ድረ ገጹን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጡና «የመጨረሻውን ማስታወቂያ አግኝልኝ» በሉት። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ አትርዱት። የት ላይ ቆመ? ምን ነካ? ስንት ጊዜ ተመለሰ? የገጽታው ትክክለኛ ዋጋ በዚያ ይታወቃል። ማስታወቂያውን ቶሎ ካገኘው፥ ልብሱ ምንም ተራ ቢሆን ልክክ ብሎለታል። ካላገኘው ግን ወርቀ ዘቦ ቢሆንም አውልቁት።

ደኅና ሰንብቱ።